ሁለት ኦኖራዎች በአንድ ጎጥ፦ የአየርላንድ የቤተሰብ መዝገብ ሲተበተብ ውሉን እንዴት እናገኛለን?

[ስክሪኑ ላይ ሁለት የቆጠራ ቅጾች ጎን ለጎን]

ሰላም ለሁላችሁም። እስቲ እነዚህን ሁለት ቅጾች ተመልከቱ። የግራው የ1901 የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ ነው። የቀኙ የ1911። ሁለቱም ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። በ1901 ዕድሜዋ 60 ተብሏል። በ1911 ደግሞ 74። በ10 ዓመት ውስጥ 14 ዓመት አርጅታለች ማለት ነው። ስሟም ያው አይደለም። ግራው ላይ ኖራ ሱሊቫን ናት፣ ቀኙ ላይ ኦኖራ ኦሱሊቫን።

አንድ ሴት ናት ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነችስ የማን ልጅ ናት?

ኦኖራን ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ችግሮቿ ግን ሁሉም እውነተኛ ናቸው። የአየርላንድን መዝገብ የከፈተ ሰው ሁሉ ያገኛቸዋል። ቪዲዮውን የሠራሁት በተለይ አሜሪካ፣ እንግሊዝ ወይም እዚያው አየርላንድ ሆናችሁ የአየርላንድ ዘር ካለው ሰው ጋር ትዳር ለመሠረታችሁ ነው። ልጆቻችሁ አንድ ቀን «በአባቴ በኩል ቅድመ አያቶቼ እነማን ነበሩ?» ማለታቸው አይቀርም። በእናንተ በኩል ያለውን ቁጭ ብላችሁ ትቆጥሩላቸዋላችሁ። የዚያኛውን ወገን ግን ከወረቀት ላይ መልቀም ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከዕድሜው እንጀምር።

በ1908 የአረጋውያን ጡረታ ሕግ ወጣ። ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላው ድሃ ሰው በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ያገኝ ጀመር። ለገጠር ሽማግሌ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን 70 መሙላቱን በምን ያረጋግጥ? መንግሥት የሁሉንም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው። ጡረታ ጠያቂው የተወለደው ደግሞ በ1830ዎቹ ነው። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ዕድሜውን የሚናገረው በግምት ነበር። ጡረታ ሲመጣ ግን ሁሉም ቁጭ ብሎ ማስላት ጀመረ። ትንሽ የጨመረም አለ። ስለዚህ ዕድሜ በ4 ወይም በ5 ዓመት ስለተዛባ ብቻ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ኦኖራ፣ ሃኖራ፣ ኖራ፣ ሆኖሪያ]

ስሙስ? ሕዝቡ ቤቱ ውስጥ አይሪሽ ይናገራል። የመንግሥት ጸሐፊው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የካቶሊክ ቄሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በላቲን። አንድ ሰው በሦስት ቋንቋ ሦስት ስም ያገኛል። ኦኖራ ቤት ውስጥ ኖራ ናት፣ በላቲን ሆኖሪያ። ብሪጂት ቢዲ ወይም ዴሊያ ትባላለች። ዲያርሙድ የሚባለው ሰው እንግሊዝኛው ላይ ጄረማያ ወይም ዳርቢ ሆኖ ይገኛል፤ በድምፅ እንኳ አይገናኙም። ላቲኑ ላይ ያኮቡስ ካያችሁ ጄምስ ነው። ለእኛ ይሄ አይከብደንም፣ ያዕቆብ ማለት ነው። የቤተሰብ ስም ላይ ያለችው «ኦ»ም ትመጣለች፣ ትሄዳለች። በአይሪሽ የልጅ ልጅ ማለት ናት። በእንግሊዞች ዘመን ብዙዎች ጣሏት፣ በኋላ ደግሞ መለሷት። ሱሊቫንና ኦሱሊቫን አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ የእኛ ሴትዮ አንድ ናት ብለን እንያዝ። አሁን ከባዱ ይመጣል። የማን ልጅ ናት?

«የድሮውን ቆጠራ አይቶ መጨረስ ነው» ትሉ ይሆናል። የለም። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በስተቀር በሰኔ 30 ቀን 1922 ደብሊን ውስጥ ተቃጥለዋል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀምር ነው፣ ፎር ኮርትስ የሚባለው ግቢ ውስጥ የነበረው ቤተ መዛግብት ጋየ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራ ደግሞ ቁጥሩ ከተሰበሰበ በኋላ መንግሥት ራሱ አስወገደው። የ1881 እና የ1891ዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀቱ ተፈጭቶ ሌላ ወረቀት ሆነ። ሙሉ ሆነው የቀሩልን የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ሁለቱ፣ የ1901ዱና የ1911ዱ ናቸው።

ስለዚህ በሌላ በር እንገባለን። ኦኖራ ያገባችው በ1866 ነው እንበል። ቦታው ኮርክ ካውንቲ፣ ቤራ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት። የመንግሥት የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስም ይጽፋል። ዕድሜ በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ «ሙሉ ዕድሜ» ብቻ ነው የሚገኘው፣ 21 የሞላው ማለት ነው። የኦኖራ አባት «ዳንኤል ሱሊቫን፣ ገበሬ» ተብሏል። ባሏም ሱሊቫን ነው። ጸሐፊው የተሳሳተ እንዳይመስላችሁ። ቤራ ውስጥ ሱሊቫን ሱሊቫንን ማግባቱ የተለመደ ነው።

ችግሩ በዚያች ጎጥ ሁለት ዳንኤል ሱሊቫን አለ።

[ሥዕል፦ አንድ አያት፣ ሦስት ወንዶች ልጆች፣ ከሥር የልጅ ልጆች]

ይህ ለምን እንደሚሆን በደንብ እንየው። የአብዛኛው ግራ መጋባት ምንጭ እዚህ ነው። ብዙ የአየርላንድ ቤተሰቦች ስም የሚያወጡት በወግ ነበር። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል። ሁለተኛው በእናቱ አባት። ሦስተኛው በራሱ በአባቱ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት ስም፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት፣ ሦስተኛዋ በእናቷ። አሁን ዳንኤል የሚባል ሰው ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ እንበል። ሦስቱም አገቡ፣ እዚያው መሬቱ አጠገብ ጎጆ ወጡ። እያንዳንዳቸው የበኩር ልጃቸውን ዳንኤል አሉት። በ15 ዓመት ውስጥ ሦስት ዳንኤል ሱሊቫን አንድ ጎጥ ውስጥ ያድጋል። «ዳንኤል!» ተብሎ ሲጠራ ሦስቱም አቤት ይላሉ።

ሰዎቹ ራሳቸው ግን አይምታታባቸውም ነበር። ቀዩን ሰው «ሮ» ይሉታል፣ በአይሪሽ ቀይ ማለት ነው፣ ለጸጉሩ። ነጣ ያለውን «ባውን»፣ ወጣቱን «ኦግ»። ሰሜን ምዕራብ ዶኒጎል ብትሄዱ ደግሞ አጠራሩ ልክ የእኛው ነው። ሜሪ ጆን ፓት ማለት የፓት ልጅ የጆን ልጅ ሜሪ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ስም፣ አባት፣ አያት፣ አለቀ።

ከ1847 እስከ 1864 የተሠራ የግሪፊት ግምገማ የሚባል የመሬት መዝገብ አለ። ጸሐፊዎቹ ስም ሲመሳሰልባቸው እነዚህን መለያዎች ከስሙ ጎን ጽፈውልናል። በእኛዋ ጎጥ አንዱ «ዳንኤል ሱሊቫን፣ የፓትሪክ» ተብሏል። ሌላው «ዳንኤል ሱሊቫን፣ ሮ»። የሁለት ወንድማማቾች የበኩር ልጆች ናቸው።

ጎጥ ያልኩት ታውንላንድ የሚባለውን ነው። የአየርላንድ ትንሹ የመሬት ክልል ነው፣ በመላው ደሴት ከ60,000 በላይ አለ። ስም በያዛችሁ ቁጥር መጀመሪያ ታውንላንዱን ፈልጉ። ኮርክ ውስጥ ያለን ዳንኤል ሱሊቫን ፍለጋ መውጣት ሐረር ውስጥ መሐመድን እንደ መፈለግ ነው። ሰፈሩን ካወቃችሁ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ይቀራችኋል።

አሁን ወደ ክርስትና መዝገብ። የካቶሊክ አጥቢያዎችን መዝገብ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ በነፃ ድረ ገጹ ላይ አውጥቶታል። ሁለት ኦኖራዎች እናገኛለን። አንደኛዋ በየካቲት 1838 ተጠመቀች፣ አባት ዳንኤል፣ እናት ካትሪን ሃሪንግተን። ሁለተኛዋ በ1841፣ አባት ዳንኤል፣ እናት ሜሪ ሺ። እናቶቹ የተጻፉት ከጋብቻ በፊት በነበራቸው የቤተሰብ ስም ነው። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። የአባት ስም ተመሳስሎ ሲያደክማችሁ የእናት ስም ቤቱን ይለይላችኋል።

የ1901ን ቅጽ ያመነ ሰው የ1841ዷን ይመርጣል። 60 ዓመት ብላለች፣ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሰው ቤተሰብ ይዞ የሚሄደው። እኛ እንቆይ።

የኦኖራን ልጆች የክርስትና መዝገብ እንይ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጇ ካትሪን ትባላለች። በወጉ መሠረት የእናቷን እናት ስም ነው የምትወርሰው። ይህ ወደ ካትሪን ሃሪንግተን ይመራል። ግን ወግ ሁሌ አይጠበቅም፣ በሱ ብቻ አንፈርድም። የክርስትና እናቷን እንይ፦ ማርጋሬት ሱሊቫን። የክርስትና አባትና እናት የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ የወላጆች ወንድምና እህት ናቸው። የዳንኤልና የካትሪን ቤት ማርጋሬት የምትባል ልጅ አለች። የዳንኤልና የሜሪ ቤት የለችም። አሁን ሁለት ምስክር አገኘን።

ቄሱ የጻፈውን የጋብቻ መዝገብም አትዝለሉት። የመንግሥቱ ላይ የሌለ ነገር አለው። ዘመዳሞች ከሆኑ ቄሱ ለጋብቻው የተሰጣቸውን ፈቃድና የዝምድናውን ደረጃ በላቲን ያሰፍራል። ሁለተኛ ደረጃ ካለ የወንድማማች ወይም የእህትማማች ልጆች ናቸው፣ አያታቸው አንድ ነው። ሦስተኛ ካለ ቅድመ አያታቸው አንድ ነው። «ሁለተኛና ሦስተኛ» ካለ ደግሞ አንደኛው ለጋራው አያት በአንድ ትውልድ ይቀርባል። ቤት እየቆጠርን ላደግን ሰዎች ይሄ የምናውቀው ሒሳብ ነው። «አፊኒታስ» የሚል ቃል ካያችሁ ግን ሥጋ ዝምድና አይደለም፣ በጋብቻ የመጣ ነው።

[የ1911 ቅጽ ይቀርባል]

ወደ 1911ዱ ቤት እንመለስ። የቤቱ አባወራ የኦኖራ ልጅ ጆን ነው፣ 35 ዓመቱ። እዚያው ቤት የ14 ዓመት ልጅ አለ። ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና «አማች» ተብሎ ተጽፏል። የ14 ዓመት አማች? በድሮው እንግሊዝኛ ይህ ቃል የእንጀራ ልጅንም ይጨምራል። ማረጋገጫው እዚያው ቅጽ ላይ አለ። የ1911 ቆጠራ ያገቡ ሴቶችን አሁን ባሉበት ትዳር ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደተወለደ፣ ስንቱ እንዳለ ይጠይቃል። የጆን ሚስት 8 ዓመት ብላለች። ልጁ 14 ነው። ከቀድሞ ባሏ የወለደችው ነው።

ሌሎችም የሚያሳስቱ ቃላት አሉ። በድሮ የአየርላንድ ደብዳቤ «ጓደኛ» ሲባል ብዙ ጊዜ ዘመድ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ከዝን» የሚለው የአጎትን ልጅም የሩቅ ዘመድንም ያጠቃልላል። እናትየዋ 52 ዓመቷ ሆኖ የ3 ዓመት «ልጅ» ካያችሁ ደግሞ የልደት መዝገቡን አውጡ። ሳታገባ የወለደች ልጃቸውን ለመሸሸግ አያቶች የልጅ ልጃቸውን ልጃችን ብለው ያሳደጉበት ቤት ብዙ ነው። ይህን ስታገኙ በርኅራኄ ያዙት።

የኦኖራን መስመር ተመልከቱ። ባሏ ስለሞተ ጥያቄው እሷን አይመለከትም ነበር። እሷ ግን አስጽፋለች፣ ቆጣሪው በኋላ ሰረዘው። ከጭረቱ ሥር ይነበባል። የተወለዱ 9፣ በሕይወት ያሉ 6። ክርስትና መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ «ማይክል» የተባለ ልጅ አላት። የመጀመሪያው ሞተ፣ ስሙ ለሚቀጥለው ተሰጠ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ዕድሜውን ያምታታል።

የቀረው ማረጋገጫ ነው። እሱን ደግሞ ጡረታው ይሰጠናል። የልደት ወረቀት የሌላቸው ጠያቂዎች «በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ላይ ስሜን ፈልጉልኝ» ብለው ያመለክቱ ነበር። ቅጹ ላይ የአባታቸውን፣ የእናታቸውንና የታውንላንዳቸውን ስም ያስሞላሉ። ደብሊን ያለው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ያገኘውን ይጽፋል። እነዚህ ቅጾች ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ።

[ቅጹ ይቀርባል፣ ድምፅ ቀስ ይላል]

የኦኖራ ቅጽ እንዲህ ይላል። አባት ዳንኤል፣ እናት ካትሪን። ከሥሩ ጸሐፊው ከ1851 ቆጠራ የገለበጠው አለ። ዳንኤል ሱሊቫን። ሚስቱ ካትሪን። ልጃቸው ማርጋሬት። ልጃቸው ኦኖራ፣ 13 ዓመት።

13 ከሆነች ልደቷ 1838 ነው። በ1911 «74» ስትል የተሳሳተችው በ1 ዓመት ብቻ ነበር። ጸሐፊው የገለበጠበት መዝገብ በ1922 ተቃጠለ። ይህች ገጽ የቀረችልን አንዲት አሮጊት 5 ሺሊንግ ለማግኘት ስላመለከተች ነው።