አሚጋ፣ ማክ፣ ቪኤምኤስ፦ የድሮዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድሩት ሶፍትዌሮች) በምን ይበልጡ ነበር?

(ምስል፦ አሚጋ 1000፣ ስክሪኑ ላይ ብዙ መስኮት ተከፍቶ)

ይሄ አሚጋ የተባለ ኮምፒውተር የወጣው በ1985 ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ራሙ 256 ኪሎባይት። ዛሬ በስልክ የምታነሷት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ግን ከአንድ በላይ ፕሮግራም ባንዴ ያስኬድ ነበር።

የአፕል ኮምፒውተር ማኪንቶሽ፣ ማክ የምንለው፣ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። መልኩን ተዉት፣ ያምራል፤ መስኮቱም ሜኑውም ቦታ ቦታውን ይዟል። ችግሩ ውስጡ ነው። መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ በኋላ ብዙ ሲፈቀድም ተራ መልቀቁ ለፕሮግራሞቹ ለራሳቸው ተተወ። የእድር ስብሰባ አስቡ። ማይክ የያዙት አባት ካልለቀቁ፣ በቃ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አሚጋ ግን ሰብሳቢ ነበረው፦ ኤግዜክ ይባላል፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፣ ሰዓቱ ሲሞላ ማይኩን ነጥቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል። የማክ ተጠቃሚ ይህን በወጉ ያገኘው ማክ ኦኤስ ቴን ሲመጣ፣ በ2001 ነው።

አሚጋ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ፕሮግራሞቹ መልእክት ሲለዋወጡ መልእክቱ አይገለበጥም፤ «እዚያ ጋ አለልህ» ተብሎ አድራሻው ብቻ ይነገራል። ፍጥነቱ ከዚህ ነው። ግን ያው፣ ሁሉም የሁሉም ጓዳ ይገባል ማለት ነው። አንዱ ሲሳሳት የሌላውን ድስት ይደፋል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የብልሽት መልእክት የያዘ ቀይ ሳጥን ብልጭ ድርግም ይላል፦ «ጉሩ ሜዲቴሽን»። አጥፍቶ ከማስነሳት ሌላ መላ የለም።

እኔ ዛሬም የምቀናው በቪኤምኤስ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ በ1977 ከቫክስ ኮምፒውተሩ ጋር ያስተዋወቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ፋይል አስተካክላችሁ ስታስቀምጡ አሮጌው አይጠፋም፤ አዲሱ ከስሙ ጀርባ የሚቀጥለውን ቁጥር ይይዛል፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ። የትናንቱን ከፈለጋችሁ ቁጥሩን መጥራት ነው። ዲስክ ይበላል፣ እውነት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፐርጅ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ የመጨረሻውን ትቶ ሌላውን ይጠርጋል። አሁን የእኔን ዴስክቶፕ እዩ።

(ምስል፦ «ፕሮፖዛል የመጨረሻ»፣ «ፕሮፖዛል የመጨረሻ 2»፣ «ፕሮፖዛል የእውነት የመጨረሻ»)

ያሳፍራል አይደል?

ከቪኤምኤስ ዋና ቀራጮች አንዱ ዴቭ ከትለር በ1988 ማይክሮሶፍት ገባና የዊንዶውስ ኤንቲን ሥራ መራ። ዛሬ የምትጠቀሙት ዊንዶውስ ሥሩ ኤንቲ ነው። ከቪኤምኤስ ብዙ ሐሳብ ከከትለር ጋር ተሻግሯል። ያቺ የፋይል ቁጥር ግን አልተሻገረችም።