ናይትሪክ ኦክሳይድ ከአሚን ጋር ሲገናኝ፦ አንድ ሰው የቀረው ባጃጅ

ሰላም ተመልካቾቻችን፣ ከሐዋሳ ነን። ዛሬ ናይትሪክ ኦክሳይድ (አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ያለው ጋዝ) ናይትሮጅን ካላቸው የካርቦን ውህዶች፣ በተለይም ከአሚኖች ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን እናያለን። መጀመሪያ ግን ባጃጅ።

ፒያሳ ቁሙና ወደ አቶቴ የሚሄዱትን ተመልከቱ። ሁለት ሰው የጫነው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። መሄድ ያላሰበውን ሳይቀር ይጠራል። የሞላው ግን ዞር ብሎም አያያችሁ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ያ አንድ ሰው የቀረው ባጃጅ ነው። የውጭ ኤሌክትሮኖቹ 11 ናቸው፤ ጎዶሎ። አንዷ ጥንድ የላትም።

አሚኑስ? አሚን መንገድ ዳር የቆሙ ባልና ሚስት ነው። ናይትሮጅኑ ላይ ለመሳፈር የተዘጋጁ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሾፌሩ «አንድ ሰው» ይላል፣ እነርሱ «ሁለት ነን» ይላሉ። «እንግዲያው አንዳችሁ ቅደሙ» ቢል ሚስትየው የምታየውን አስተያየት አስቡት! ስለዚህ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ አንድ ናይትሪክ ኦክሳይድና አንድ አሚን ብቻቸውን ብዙም አይግባቡም። ሁለት ባጃጅ ያስፈልጋል፤ ለባልም ለሚስትም። ትራፊክ ፖሊስ ምሳሌዬን ላይወደው ይችላል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። «ይህ የጥርስ ሐኪም የሚሰጠው የሚያስቅ ጋዝ አይደለም ወይ?» ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። አይደለም! የሚያስቀው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፦ ሁለት ናይትሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ የተጣመሩ። የሞላ ባጃጅ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ሁለቱንም ለመተንፈስ ሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው መጽሐፍም ጽፎታል። አንዱ አሳቀው። ሌላው አፉ ውስጥ ከአየርና ከምራቅ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ሆነና አቃጠለው። ቀለም የሌለው ናይትሪክ ኦክሳይድ አየር ሲነካው ቡናማውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። «ታዲያ ለአራስ ሕፃናት ለምን ይሰጣል?» የምትሉ፣ የሚሰጠው የሳንባቸው የደም ግፊት ለከፋባቸው ነው፤ ያውም በሚሊዮን 20 እጅ ገደማ፣ በመሣሪያ ተለክቶ። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ደወሏን ግን ቤት ሆናችሁ መጫን ትችላላችሁ።

ወደ ዋናው ነገር፣ በፍጥነት። እ.ኤ.አ. በ1960 ድራጎ እና ፖሊክ የተባሉ ኬሚስቶች ዳይኢታይልአሚን የተባለውን አሚን በብርቱ ቅዝቃዜ፣ አየር በሌለበት፣ ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር አገናኙ። ሁለት ናይትሪክ ኦክሳይድ አንዱ አሚን ላይ ተሰካ፤ ሌላው አሚን ከዚያኛው ፕሮቶን (ኤሌክትሮኗን የተወች ሃይድሮጅን) ወሰደ፤ ነጭ ጨው ወጣ። ዳይአዜኒየምዳዮሌት ይባላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ሁሉም «ኖኖኤት» ይለዋል። ጨው ሆኖ ደረቅ ሲሆን ይቀመጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ናይትሪክ ኦክሳይዱን መልሶ ይለቃል። በሰውነት ሙቀትና ፒኤች (የአሲድነት ልክ) የዚህኛው ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ገደማ ነው። አሚኑን ዳይኢታይሊንትራይአሚን በተባለ ሌላ አሚን ብትተኩት 20 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለተመራማሪ ይህ ወርቅ ነው፤ ጋዙን በሚፈልገው ፍጥነት ያንጠባጥብለታል።

አየር ከገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዳይናይትሮጅን ትራይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ እርሱ ጥንዱን አንድ ላይ ይቀበላል፤ ውጤቱም ናይትሮሳሚን ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእንስሳት ላይ ካንሰር አምጥተዋል። ቫይታሚን ሲ ቀድሞ ደርሶ ዳይናይትሮጅን ትራይኦክሳይዱን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመልሰዋል። የሞርታዴላ እሽግ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ሥጋው እንዳይበላሽ ከሚጨመረው ናይትራይት ጎን አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ወይም ጨው የሆነው አስኮርቤት ተጽፎ ካገኛችሁ አንዱ ሥራው ይኸው ነው።