ከእቁቡ ወጥተን፣ ከበሩ ላይ

እንደምን ዋላችሁ፣ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን! በዚህ ዝናብ ሁለት ባቡር ቀይራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እየተቆላ ነው። የአዳራሹ የጢስ ደወል እንዳይጮህብን ብቻ ጸልዩ።

የዛሬው ጉዳያችን ገንዘብ ነው፤ እኛን የመሰሉ ብሪታኒያ የተመዘገቡ ማኅበራት ለኢትዮጵያ ሥራ ከአውሮፓ ኅብረት የሚጠይቁት የዕርዳታ ገንዘብ። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ብዙዎቻችን በማግስቱ ሁሉም ነገር የሚቋረጥ መስሎን ነበር። አልተቋረጠም። አባል አገሮቹ ለዕርዳታ የሚያዋጡበት 11ኛው የአውሮፓ ልማት ፈንድ 30.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 15 በመቶ ያህሉ የብሪታኒያ ድርሻ ነው። በመውጫው ስምምነት መሠረት ያ ፈንድ እስኪዘጋ ድረስ መክፈሏ አልቀረም። እቁብ የጣላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የጀመሩትን ዙር ሳይጨርሱ መሄድ የለም።

ችግሩ አዲሱ ዙር ነው። ከ2021 እስከ 2027 የሚቆየው የኅብረቱ የውጭ ዕርዳታ ፈንድ፣ «ግሎባል ዩሮፕ»፣ 79.5 ቢሊዮን ዩሮ ይዟል። ብሪታኒያ መዋጮው ውስጥ የለችበትም። በዚያው በ2021 ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት የራሱን ዕርዳታ ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 አወረደው። በሁለቱም በኩል ጠበበብን።

እኛም ቀምሰነዋል። ከአንድ ትልቅ ድርጅት ጋር ለውኃ ሥራ የሚሆን ፕሮፖዛል ለወራት ስንጽፍ ከረምን። ማስገቢያው አራት ቀን ሲቀረው ባለሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። የተመዘገባችሁት ብሪታኒያ ስለሆነ አውጥተናችኋል ይላል። ጸሐፊያችን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔን ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። ደንቡን አንብበነው ቢሆን መልስ ነበረን። የግሎባል ዩሮፕ ሕግ፣ ሥራው የሚሠራው በጣም ባላደጉ አገሮች ከሆነ፣ የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) አባል አገሮች ድርጅቶች የሚገቡበት ቀዳዳ አለው። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ብሪታኒያም የኦኢሲዲ አባል ናት። እርግጥ እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ መመሪያ አለው፤ እሱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ኅብረቱ ውስጥ ቢሮ ከፍተው ተገላገሉ። የእኛ ካዝና ለዚያ አይበቃም። እኛ የሚያዋጣን እዚያ የተመዘገበ አጋር ዋና አመልካች ሆኖ፣ እኛ ተባባሪ ሆነን መግባት ነው። አጋር ደግሞ ጥሪው ከወጣ በኋላ አይፈለግም፤ ያኔ ሁሉም የራሱን ሰው ይዟል።

ከምሳ በኋላ መመሪያ የሚያነቡና አጋር ፍለጋ ኅብረቱ ውስጥ ወዳለችው ደብሊን ድረስ ስልክ የሚደውሉ ሦስት ሰዎች እንመርጣለን። እስከዚያው ቡናው ደርሷል። ጉባኤው ተከፍቷል።