የባሕር አረም፣ አንጎልና የጎንደር ጨው

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው። ዛሬ ስለ ባሕር አረም እናውራ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለእናት ለአባቱ «ለመርሳት በሽታ ጥሩ ነው» ብሎ ኬልፕ ከሚባል ቡናማ የባሕር አረም የተሠራ እንክብል ይዞ መምጣቱ እየተለመደ ነው። አሳቢነቱ ደስ ይላል፤ እንክብሉ ግን ያሳስበኛል።

ወሬው ከየት መጣ? እንደ ኮምቡና ዋካሜ ባሉ ቡናማ የባሕር አረሞች ውስጥ ፉኮዛንቲን የሚባል ቀለምና ፉኮይዳን የሚባል የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። ሁለቱም በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሴሎችና በአይጦች ላይ የነርቭ ሴልን ከጉዳት ሲከላከሉ ታይተዋል። ነገር ግን ፉኮይዳን ግዙፍ ሞለኪውል ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ፉኮዛንቲን ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ አይሰርግም፤ ብርሃንና ሙቀትም ያበላሹታል። ሴሉ ላይ በቀጥታ የፈሰሰው መጠን፣ ሰው ውጦት አንጎሉ ድረስ ይዘልቃል ማለት አይደለም።

በሰው ላይ ሩቅ የተጓዘው ጂቪ-971 ነው፤ ከቡናማ አረም ከሚወጣ ስኳር የተሠራ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) መድኃኒት። 818 ሰዎች ለ36 ሳምንታት ተሞክሮባቸው ቻይና በ2019 እ.ኤ.አ. በቅድመ ሁኔታ ፈቀደችው። ሆኖም መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል የታየው ልዩነት የመጣው በአብዛኛው ያልወሰዱት ወደ መጨረሻው ድንገት ስላሽቆለቆሉ ነው በሚል ብዙ ባለሙያዎች ተጠራጠሩ። ዓለም አቀፉ ሙከራም በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ።

«ከባሕር የወጣ ተፈጥሯዊ ነው» የሚለውም አያስተማምንም። ካይኒክ አሲድ የሚገኘው ከቀይ የባሕር አረም ነው። ጃፓን ውስጥ የወስፋት መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ ተመራማሪዎች አይጥን ሆን ብለው ለማንዘፍዘፍ፣ የአንጎሏን የማስታወስ ክፍል ሴሎች ለመግደል ይጠቀሙበታል።

የባሕር አረም ለአንጎል ያበረከተው የማያጠራጥር ነገር አዮዲን ነው። በ1811 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው በርናር ኩርትዋ መጀመሪያ ያገኘውም ከባሕር አረም አመድ ነው። በደጋው ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ እንቅርት የሚበዛውም በዚህ ነው። ከእንቅርቱ የሚብሰው ግን በእናት ማህፀን ባለው ልጅ አንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡር 250 ያስፈልጋታል።

ይህን ለማግኘት ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ከጆንያ ተሰፍሮ የሚሸጠውን ትታችሁ፣ አዮዲን ያለበት መሆኑና ቀኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ግዙ። በኪሎው 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለው፣ በቀን 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። ቤት ስትገቡ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ገልብጡት፤ ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጡት። እርጥበት የነካው ጨው አዮዲኑን ያጣል፤ ታጥቦ የደረቀው ደግሞ ይብሳል። ወጡ ላይ ጨምሩት ሊወርድ ሲል። ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ የሰነበተውን ጨው ለአዮዲን አትቁጠሩት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም፤ ደም ግፊት አለ።

ወደ እንክብሉ ልመለስ። ኬልፕ ከሚባሉት አንዱ ከሆነው ከደረቀ ኮምቡ አንድ ግራሙ ብቻ ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ሊይዝ ይችላል፤ አውሮፓ ለአዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 600 ማይክሮግራም ነው። ለዓመታት አዮዲን ያነሰውና አንገቱ ላይ እባጭ ያለው አዛውንት ይህን ሲውጥ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢው ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው ይከሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። የልብ ምት ከተዛባ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ያኔ ለአንጎል ተብሎ የተገዛው አንጎልን ጎዳ ማለት ነው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችም ይጠንቀቁ፤ ፉኮይዳን ደም የማቅጠን ባሕርይ አለው።

እቤታችሁ እንክብሉ ካለ በብልቃጡ ላይ በአንድ ፍሬ ስንት ማይክሮግራም አዮዲን እንዳለ አንብቡ። ካልተጻፈ አታስጀምሩ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ጀምረው ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ከታዩ እንክብሉን አቁሙና ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በደም ምርመራ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያሳይ ሆርሞን)፣ በኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) ደግሞ የልብ ምታቸው ይታይ።