በርኖስ ላይ ፌስታል አትደርቡ፦ እየኖርንበት የምናድሰው የጭቃ ቤት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! እኔ ያው ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ያው ቤት ውስጥ። ከኋላዬ የምታዩት ፍራሽ የኛ ነው። አዎ፣ ጓዳ ነው የምንተኛው። መኝታ ቤቱ እየታደሰ ነዋ! እማዬ ትናንት ልትጠይቀን መጥታ፣ "አንተ ልጅ፣ ታድሳለህ ወይስ ታፈርሳለህ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ቤቱ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭቃ በጭድ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ከኛ በፊት የነበረው ሰው ደግሞ ውጩን በሲሚንቶ ለስኖታል። ሲያዩት ያምራል። ጉዱ ያለው ከሥሩ ነው።

እስቲ በርኖስ አስቡ። የመንዝ በርኖስ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ። አያቴ ነበራቸው። ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ይከብዳል። ፀሐይ ስትወጣ አጥር ላይ ይሰጣል፤ ደርቆ መልሶ ይለበሳል። ጠጣ፣ ተፋ። ጠጣ፣ ተፋ። የጭቃ ግድግዳም ልክ እንደዛ ነው።

አሁን በዚያ በርኖስ ላይ ፌስታል ደርቡበት። ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ዝናብ አይገባም፣ እሺ። ግን ፌስታሉ አንድ ቦታ ተቀደደ እንበል። በቀዳዳው የገባው ውሃ በየት ይውጣ? በርኖሱ ይሻግታል፣ ይሸታል። አያቴ ይህን ቢያዩ ዱላቸውን ያነሱ ነበር፤ በበርኖስ ቀልድ አያውቁም።

ሲሚንቶው ፌስታሉ ነው። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ገብቶም ይቀራል። ልስኑን በመዶሻ ሳነሳው የቋሚው ግርጌ በጣቴ ተፈረፈረ። በጣቴ! ሚስቴ ካሜራውን ይዛ "በርኖሱ ይብቃህ" እያለችኝ ነው። እሺ፣ በቃ።

ሥራውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ጣሪያውን በድጋፍ ያዙ። ቋሚ አንድ በአንድ ይቀየራል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች አብረው አይነቀሉም። ጭቃው በጭድ ይቦካ፣ ይረገጥ፣ ቀናት ይደር። መጀመሪያ ምርጊቱ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አትደንግጡ። ቀጭኑ ልስን ከዚያ በኋላ ነው። የጣሪያ ውሃ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በቦይ ይውረድ። ይህ ሁሉ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በልግ ሳይመጣ ነው። ደግሞ ጠዋት መርጉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ማታ የተመረገ ጭቃ ካገኘ፣ ሲነጋ በመጥረጊያ ነው የምታነሱት።

ስለ ወለል ልነግራችሁ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቱ ሰው እንደጻፈው ታያላችሁ፦ "ማታ ከሰል አስገብተን በሩን ዘግተን ብናደርቀውስ? ጭሱ ካለቀ ምን ችግር አለው?"

አይ! አይ፣ አይ፣ አይ። እናንተ እዚያው ቤት ነው የምትተኙት! ከሰል ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ሞት። "ጨው ብንነሰንስበትስ?" ያላችሁም አላችሁ። ጨው ለወጥ ነው። ራሱን የሚያዞረው ሰው ካለ በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት።

ደግሞስ ጭቃን የሚያደርቀው ነፋስ ነው። ውሃው ከግድግዳው ወጥቶ ከቤቱም መውጣት አለበት። በር ተዘግቶ የት ይሄዳል? ይኸው፣ ተመልሶ ፌስታል ሆነ! ሚስቴ አይኗን እያጉረጠረጠች ነው።

እኛ ቀን ቀን መስኮቱን እንከፍታለን፣ ማታ ጓዳ ገብተን ሦስት ብርድ ልብስ እንደርባለን። ይበርዳል፣ አልዋሽም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ለምስማር ይሆነኛል። ወለሉን በሚቀጥለው እናያለን። የጓዳው ወለል ነው የሚቀድመው፤ ፍራሹን የት እንደምንወስደው ግን ገና አልተስማማንም።