የ640 ኪሎባይት ደባሎች

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ወጣት ፕሮግራመሮች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ቢቢኤስ ማለት የሰው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ በሞደም ስልክ የሚያነሳ ኮምፒውተር ነው። ደዋዩ ገብቶ መልእክት ያነባል፣ ፋይል ይወስዳል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ተረኛው ይገባል። የመጀመሪያውን ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ ውስጥ ከፈቱት። አዲስ አበባም ቤተሰቡን ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን የመረጃ ሥርዓት የነበረው ፓዲስ ኢሜይል ያመላልስ የነበረው የቢቢኤሶች መረብ በሆነው በፊዶኔት ነው።

እኔ ግን የመጣሁት የደባል ነገር ላጫውታችሁ ነው።

የፒሲው 8088 ፕሮሰሰር የሚደርሰው እስከ 1 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ነበር። 384 ኪሎባይቱ ለስክሪን፣ ለካርዶችና ለባዮስ ተይዟል። በቀረው 640 ውስጥ የማሽኑ ሥርዓተ ክወና ዶስ ራሱ፣ ሞደሙን የሚያናግረው ፎሲል ድራይቨር፣ የኔትወርኩ ድራይቨርና ቢቢኤሱ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ዶስ ደግሞ ማን የማን አልጋ ላይ እንደተኛ የማይጠይቅ አከራይ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢጽፍ ዝም ብሎ ያያል።

ደዋይ ጨዋታ ሲመርጥስ? ቦታ የለም! ስለዚህ ቢቢኤሱ ራሱን ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ትቶ ይወጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ተመልሶ ይገባል። ፎሲሉ ግን አይነካም። ስልኩን የያዘው እሱ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዶስ 5 መጣና 386 ፕሮሰሰር ላለው ሰው ከ640 በላይ ያለውን ክፍት ቦታ ለድራይቨሮች ፈቀደ። ቆጥ ተሠራልን። ሲሶፕ፣ ማለትም የቢቢኤስ አስተዳዳሪ፣ ነበርኩና ሁለት የስልክ መስመር፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ በመካከላቸው ኔትወርክ ነበረኝ፤ በደስታ ፎሲሉን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ማሽኑ ይነሳል፤ ጎረቤቱን ኮምፒውተር ግን አያይም። ስልክ ሲደወልለት ደግሞ ድርቅ ይላል። ኬብሉን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሞደሙን ረገምኩት፤ ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የካርዱን መመሪያ ሳነብ ገባኝ። የኔትወርክ ካርዱ ቆጡ ላይ ዲ000 ከተባለው አድራሻ ጀምሮ 16 ኪሎባይት የራሱ መስኮት አለው፤ መስኮቱን የሚከፍተው ግን ድራይቨሩ ሲነሳ ነው። ቆጡን የሚያከፋፍለው የዶስ ፕሮግራም ኢኤምኤም386 ቀድሞ ሲቃኝ ሰው የሌለበት መስሎት ቦታውን ለፎሲሉ አከራየው። በኋላ የኔትወርኩ ድራይቨር ለካርዱ የላከው ሁሉ የሚያርፈው ፎሲሉ ላይ ነበር። ካርዱ አንዲት ባይት አልደረሰችውም።

መድኃኒቱ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ኢኤምኤም386 የተጠራበት መስመር ላይ የምትጨመር አንዲት ቃል ናት፦ ኤክስ=ዲ000-ዲ3ኤፍኤፍ። ይህን አትንካ ማለት ነው። ኔትወርኩ ተመለሰ፣ ስልኩም መነሳት ጀመረ።

ቆጡ ግን በ16 ኪሎባይት ጠበበና አንድ ደባል መውጣት ነበረበት። የማውሱን ድራይቨር አባረርኩት። ሲሶፕ ማውስ ምን ያደርግለታል?

አመሰግናለሁ።