መስኮቱ ትልቅ ሆነ

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እንዴት ናችሁ?

ዛሬ የዶሮ ወጡ ክርክር ክፍል ሁለት ነበር የሚቀርበው። ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። እህቴም መልስ አዘጋጅታ እየጠበቀች ነው። ግን አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ ብሎኛል። የእማማ ብስኩት ነገር ነው፣ እዚህ እንግሊዝ በስራዬ የምንከባከባት አሮጊት።

አይ፣ ደህና ናት፣ አትደንግጡ። 89 ዓመቷ ነው፣ ብስኩቱን አሁንም ከኔ ትደብቃለች።

ከኢምበር እንደወጣች ነግሬያችሁ የለ? ያ ሰው የሌለበት መንደር። ዊልትሸር ውስጥ፣ ሳልስበሪ ሜዳ መሀል። በቃ፣ ሄድኩ። በዓመት አንድ ቀን፣ ኦገስት ላይ፣ ከዋርሚንስተር ባቡር ጣቢያ አውቶቡስ ይነሳል። ያ የድሮው የሎንዶን ቀይ ባለ ፎቅ። ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋሉ። ሰዉ የሚሳፈረው ለአውቶቡሱ ፍቅር ነው መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ የሞተሩን ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። እኔ አንበሳ አውቶቡስን እንዲህ አዳምጬው አላውቅም። አንበሳ ውስጥ ቦርሳህን ነው የምታዳምጠው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። ከዚያና ከጥቂት ሌሎች ቀኖች በስተቀር መንደሩ ዝግ ነው። ወታደር ነው የሚሰለጥንበት። መንገድ ዳር ማስጠንቀቂያ ተተክሏል፣ ያልፈነዳ ነገር አለ፣ ከመንገድ አትውጡ የሚል። ሳሩ ግን እንዴት እንደሚያምር! የማይታረስ፣ ሰው የማይረግጠው። ሳማውም ያው ነው፣ ሰው በኖረበት ሁሉ በቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ኖቬምበር 1፣ ሰዉን ትምህርት ቤቱ ሰበሰቡት። 47 ቀን አላችሁ፣ ውጡ አሉት። የአሜሪካ ጦር ወደ አውሮፓ ለመግባት ይለማመድበታል። ለፈረንጅ ገና በዓል ሳምንት ሲቀረው ወጡ። 150 ያህል ሰው ነው። ቤቱ ደግሞ የነሱ አልነበረም። የጦር ሚኒስቴሩ መሬቱን ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ ገዝቶት ነበር። ተከራይ ነበሩ። የቀበሌ ቤት በሉት። ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ወጡ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። በ1961 ሁለት ሺህ ያህል ሰው ይመለስልን ብሎ እዚያው ድረስ ገብቶ ነበር። ምንም።

አልበርት ናሽ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበራቸው። ከአርባ ዓመት በላይ እዚያ ሰርቷል። ትእዛዙ በመጣ ጊዜ መስፉ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አገኙት ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሬሳውን መልሰው ኢምበር ቀበሩት። ይሄ ታሪክ... ተዉት፣ ስለሱ ሌላ ቀን።

እማማ ብስኩት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው። እናቷ ከመውጣታቸው በፊት ወለሉን ጠረገች። ተንበርክካ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። መድፍ ሊተኮስበት የሚችል ቤት ማን ይጠርጋል? አልኳት በሆዴ። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። የኛ ሰፈር ሊፈርስ ሲል እናቴ በሩን ነቅላ ነው የወጣችው። ከነማጠፊያው! አሁን ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሟል። ልብስ ይሰጣበታል። ወንድሜ ሊጥለው ሲሞክር ሁለት ሳምንት አላናገረችውም። እና እኔ ስለ ሰው መጥረጊያ ለመናገር አፍ የለኝም።

እሺ። አሁን ዋናው።

ሄጄ ቅዱስ ጋይልስ ቤተ ክርስቲያንን አየሁ። 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አልፈረሰም። ከዚያ ወጥቼ ቤት ፈለግኩ። አንድ ቤት ብቻ ላሳያት ብዬ። አንዱን አገኘሁ፣ ቆሞ፣ መስኮቱ ባዶ ቀዳዳ። ፎቶ አነሳሁት። ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒቷን ሰጥቼ፣ ሻይዋን ሰርቼ፣ ስልኬን እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

ዝም አለች። መነፅሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ በጣቷ ምስሉን ትልቅ አደረገችው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ የድመት ፎቶ እንድታይበት። መስኮቱ ላይ ቆመች። «መስኮቱ ትልቅ ሆነ» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጄን ያዘች። «አዎ፣ የኛው ነው። እዚህ ጋ ነበር የምተኛው፣ ማይ ላቭ» አለችኝ። እና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለሚቀጥለው ደንበኛ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ከመኪናዋ ወርጄ ሳንኳኳም ፈገግታዬ አልጠፋም። ትልቅ ነገር የሰራሁ መስሎኛል።

ሐሙስ የሌሊት ሺፍት ነበርኩ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ስለ ኢምበር ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ መንደር ውስጥ ያሉት አንዳንድ ቤቶች በ1970ዎቹ የተሰሩ ናቸው። ወታደሩ ነው የሰራቸው፣ ወደ ሰሜን አየርላንድ ለሚሄዱት መለማመጃ። ባዶ ቤት። ማንም ኖሮባቸው አያውቅም። ፎቶዬን አወጣሁት። አስተያየሁት። ያው ነው። ከነዚያ አንዱ ነው።

ማንም ያልተኛበት ቤት ነው ያሳየኋት።

እና ያቺን ትንሽ ዝምታ ደጋግሜ አስባታለሁ። ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያይ ያንስበታል አይደል? ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። አጥሩ አነሰ፣ ግቢው ጠበበ። እሷ ግን ትልቅ ሆነባት። ከዚያ አየችኝ። ምን ነበር ያየችው? እኔ እዚያ ቆሜ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ስራ በሌለኝ ቀን በአውቶቡስ ሄጄ፣ እንደ ልጅ ስዕል ሳሳያት... አውቃ ነው? እንዳይከፋኝ ብላ ነው? ወይስ በእውነት መስሏት ነው?

አንዳንዴ ታውቃለች እላለሁ። የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚያ አያለቅስም። ወይም... የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያለቅሰው። አላውቅም።

ለስራ ጓደኛዬ ነገርኳት። «ተያት፣ ደስ ካላት ምን ቸገረሽ» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ስልኩን በየቀኑ የምሰጣት እኔ ነኝ። «ቤታችንን አሳዪኝ» ትለኛለች። ዛሬም አለችኝ። ደግሞ መስኮቱን አላሰፋችውም። ከዚያች ቀን ወዲህ አስፍታው አታውቅም። ይሄንን ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሞተር ሳላስነሳ።

የቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ባሳያት ይሻል ነበር። እሱ እውነተኛ ነው። እሱንም አንስቻለሁ እኮ፣ ግን ግማሹ ጣቴ ነው። ካሜራ ላይ ያለኝን ችሎታ ታውቃላችሁ።

ነገ ማክሰኞ ነው። ስልኬን መኪና ውስጥ ብተወውስ? ትጠይቀኛለች። ረሳሁት እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እሷ...

ቆይ፣ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ነው። ሰማችሁት አይደል? ልነሳ።